ከገጽ አርባ አንድ ስር

ሙሽሪት ከጨረቃ ጀርባ ልትወጣ አራት ደቂቃ ሲቀራት ማሃንቴሽ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደላድሎ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳብ አደረገ። ከጎኑ፣ የአንባቢው ቦታ ላይ፣ ቲፔስዋሚ ተቀምጧል። ወይዘሮ ጊሪጃ ከኋላቸው ናቸው፤ ለጎብኚ በሚወጣው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በዚህ የመቆጣጠሪያ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። የፕላስቲኩ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ግን ገና ስምንት ቀናቸው ነው።

«ሙሽሪት ዛሬ ዘገየች። አኩርፋን ይሆን እንዴ» አለ ቲፔስዋሚ ሰዓቱን እያየ።

«ገና ሦስት ደቂቃ አላት» አሉ ወይዘሮ ጊሪጃ። እሳቸው ሰዓት አላዩም።

ሙሽሪት የሚሏት ጨረቃን የምትዞረውን መንኮራኩር ነው። በየሁለት ሰዓቱ አንዴ ጨረቃ ትጋርዳትና ለአርባ ስድስት ደቂቃ ድምጿ ይጠፋል፤ ያኔ «ተከናነበች» ይላሉ። ብቅ ስትል ደግሞ «ተገለጠች»። በወረቀት ላይ ሌላ ረጅም ስም አላት፤ በዚያ ስም የሚጠራት ግን ከዴልሂ ባለሥልጣን ሲመጣ ብቻ ነው። ሙሽሪት ያሏት ወይዘሮ ጊሪጃ ናቸው። ጨረቃ ዘንድ የደረሰች ዕለት፣ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጋረድ ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ፣ «ምን ያስጨንቃችኋል፣ ሙሽራ አይደለች እንዴ፣ አፍራ ነው» ብለው አሳቋቸው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ጸና።

ማሃንቴሽ ጠዋት ከአውቶቡስ ሲወርድ ጨረቃን አይቷታል። ከግቢው ዛፎች በላይ ነጣ ብላ፣ ከአንድ ጎኗ ተሸርፋ ቆማ ነበር። ሌላው የቤንጋሉሩ ሰው ወደ ሥራ ቦታው ይሄዳል፤ እሱ የሥራ ቦታውን አንጋጦ ያየዋል። ይህን ሐሳብ ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ቢናገር ቲፔስዋሚ ዓመቱን ሙሉ ይስቅበታል። በፊት በፊት ደስ ይለው ነበር፤ አውቶቡሱ ጥሎት እስኪሄድ ድረስ ቆሞ የሚያይበት ጊዜ ነበር። አሁን ግን የበደለውን ሰው መንገድ ላይ እንዳየ ሰው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

በልጅነቱ፣ ሃቬሪ አጠገብ ባለችው መንደራቸው፣ ጎረቤታቸው የዘይት መጭመቂያ የሚያዞር በሬ ነበረው። ዓይኑን በጨርቅ ይሸፍኑታል፤ ሂድ ሲሉት ይሄዳል፣ ቁም ሲሉት ይቆማል። ማሃንቴሽ ሙሽሪትን የሚያስባት እንደዚያ በሬ ነው። ሳታጉረመርም ትዞራለች፣ የተባለችውን ታደርጋለች። የተሳሳተ ቢነግሯትም ታደርጋለች።

ስክሪኑ ላይ ጸጥ ብሎ የተኛው አረንጓዴ መስመር ጉብ አለ።

«ተገለጠች» አለ ማሃንቴሽ።

ቲፔስዋሚ የመጀመሪያዎቹን ትእዛዞች ማንበብ ጀመረ። ደንቡ ሙሽሪት ከመምጠቋ በፊት የነበረ ነው። አንባቢው ከወረቀት ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል፤ አረጋጋጩ የተጻፈው ከተነበበው ጋር አንድ መሆኑን በስክሪኑ አይቶ «ልክ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ቁልፉ ይጫናል። ሦስት መቶ ሰማንያ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነገር ሁሉ በሁለት ሰው አፍ ነው የሚያልፈው። የባትሪው ሙቀት ልክ። የካሜራው ማሞቂያ ልክ። የትናንቱ ምስል ይውረድ፤ ልክ። ማሃንቴሽ ቃሉን ባለ ቁጥር ከኋላው ያለው የፕላስቲክ ወንበር የሚያየው ይመስለዋል።

አጣሪ ኮሚቴው የሚቀመጠው ዛሬ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። በሙሽሪት ሆድ ውስጥ አራት መዘውሮች ይሽከረከራሉ፤ ሳትወላገድ ፊቷን ወደ ጨረቃ አድርጋ እንድትሄድ የሚያደርጓት እነሱ ናቸው። ቀን በቀን ግን ፍጥነታቸው እየጨመረ ይሄዳል። በሁለት ሳምንት አንዴ ገደማ ከጎኗ ያሉት ትናንሽ አፈሙዞች ለአርባ ሰከንድ ጋዝ ይተፉና መዘውሮቹን ያበርዷቸዋል። የዚህ ትእዛዝ በአንባቢው ቀይ ክላሰር ውስጥ ገጽ አርባ አንድ ላይ አለ። ሁለተኛውና አራተኛው አፈሙዝ፣ አርባ ሰከንድ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተኝቶም ያነበንበዋል።

በስድስት ወር አንዴ ደግሞ ፀሐይ በሌላ ጎኗ ስለምትመጣባት ሙሽሪትን ጀርባዋን ያዞሯታል። ያኔ ግራዋ ቀኝ ይሆናል፤ ፍሬን የነበረው ነዳጅ መስጫ ይሆናል። ስለዚህ በዞረችበት ቀን የድሮው ገጽ አርባ አንድ ከላስቲክ ኪሱ ወጥቶ ለሁለት ይቀደዳል፣ በቦታውም አዲሱ ይገባል። አንደኛውና ሦስተኛው አፈሙዝ፣ አርባ ሰከንድ።

ሙሽሪት የዞረችው አርብ ቀን ነበር። ወይዘሮ ጊሪጃ ያን ቀን እረፍት ነበሩ፤ አዲሱን ገጽ የመንኮራኩሯን ጉዞ ከሚያሰላው ክፍል ፈርሞ የተቀበለው ማሃንቴሽ ነው። ሲደርሰው ፈረቃው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ወደ አገሩ የሚወስደው የባቡር ትኬት ኪሱ ውስጥ ነው፤ ክላሰሩንም ሌላ ሰው ይዞታል። ገጹን መሳቢያው ውስጥ፣ እናቱ በላከችለት የተወቀጠ ኦቾሎኒ ቆርቆሮ ስር ሸጎጠው፤ ሰኞ አስገባዋለሁ ብሎ። ሰኞ ረሳው። ማክሰኞም ረሳው። ከዚያ በኋላ ረሳው ማለት እንኳ አይቻልም፤ እንዳልነበረ ሆኖ ከልቡ ወጣ።

በዞረች በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ ወይዘሮ ጊሪጃ ክላሰሩን ገልጠው በዚያ በማይቸኩል ድምፃቸው አነበቡ። ማሃንቴሽ የተጻፈውን አይቶ «ልክ» አለ። ቁልፉ ተጫነ። መዘውሮቹ በመብረድ ፈንታ ባሰባቸው። ሙሽሪት ሁለት ጊዜ ተንገዳገደች፤ ከዚያ ራሷን ለማትረፍ ሥራዋን ሁሉ አጥፍታ፣ ክንፏን ለፀሐይ ሰጥታ ዝም አለች። ለመንቃት አራት ቀን ፈጀባት። የሁለት ወር ዕድሜዋ የሚሆን ጋዝ በከንቱ ሄደ።

ለማሃንቴሽ ነገሩ የገባው ገና የመጀመሪያው ቁጥር ሲቀላ ነው። ሌላው ሰው ተነስቶ ትልቁ ስክሪን ፊት ተኮልኩሏል። ወይዘሮ ጊሪጃ ስልክ ይዘው የአንቴናው ዲሽ ካለበት ጣቢያ ጋር ይነጋገራሉ። ክላሰሩ እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። መሳቢያውን ከፈተ። ገጹን አወጣ። ላስቲኩ ውስጥ፣ ከድሮው ገጽ ስር አንሸራተተው። ሦስት ሰከንድ አይሞላም። እጄ ነው ያደረገው ይላል ለራሱ፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን ያውቃል።

በማግስቱ ጽፈህ አስረዳ ሲባል፣ አዲሱን ገጽ በጊዜው አስገብቻለሁ፣ የድሮውን ማውጣት ግን ዘንግቻለሁ ብሎ ጻፈ። ግማሽ ጥፋት ወሰደ። ግማሽ ጥፋት የሚያመጣው አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ በሚቀጥለው ወር የሚጠብቀውን የቋሚነት ደብዳቤ አያስቀርበትም። ሌላው ግማሽ ግን ወይዘሮ ጊሪጃ ላይ ወደቀ፤ አንድ ላስቲክ ውስጥ ሁለት ገጽ ያየ አንባቢ ማቆም አለበት ይላል ደንቡ፤ ያላየ ደግሞ አንባቢ አይደለም፤ ስለዚህ ኮሚቴው እስኪወስን ከንባብ አገዷቸው።

በስምንቱ ቀን ውስጥ ሊነግራቸው ሞክሮ ነበር። እሁድ ዕለት ሙዝ ገዝቶ ቤታቸው ሄደ። ባለቤታቸው፣ ከፖስታ ቤት በጡረታ የወጡት ሽማግሌ፣ በሩን ከፍተው እጁን ይዘው አስገቡት፤ ልጃችን ሊጠይቀን መጣ እያሉ ተቀበሉት። ወይዘሮ ጊሪጃ ከዓይን ሐኪም ገና መመለሳቸው ነበር። ስለ እናቱ ጤና ጠየቁት፣ ስለ አባቱ የቃሪያ ማሳ ጠየቁት፤ ሲወጣ ያመጣውን ሙዝ ግማሹን መልሰው አስያዙት። መንገድ ላይ አንድም አልበላም። ፌርማታው ላይ ለቆመች ላም ሰጣት።

ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ሙሽሪት ተከናነበች። ማሃንቴሽ ማዳመጫውን ሲያወልቅ ወይዘሮ ጊሪጃ ከወንበራቸው ተነስተው ክበብ አብሯቸው ይወርድ እንደሆነ ጠየቁት።

«ተከሳሾች አብራችሁ አትብሉ» አለ ቲፔስዋሚ። «ተመካከሩ ብለው ሌላ ገጽ ይጽፉባችኋል።»

«አንተ ደግሞ ውሃ ጠጣበት፤ ስታነብ ድምፅህ ይንቀጠቀጣል» አሉት ወይዘሮ ጊሪጃ። ቲፔስዋሚ ሳቀ፤ እውነት ስለሆነ ግን ወዲያው ጠርሙሱን አነሳ።

ክበቡ ውስጥ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ጊሪጃ ከቦርሳቸው የምሳ ዕቃቸውን አውጥተው ከፈቱ። በእርጎ የተለወሰ ሩዝ ነው፤ ላዩ ላይ ሰናፍጭና ሁለት የደረቀ ቃሪያ አለበት። ሙሉውን ወደ እሱ ገፉት። እናቱ ሩቅ ያለች ልጅ ነው ብለው ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ እሱም እንደ ታላቅ እህት «አካ» እያለ ይጠራቸዋል።

«አካ፣ እርስዎስ?»

«አይወርድልኝም። ብላ አንተ።»

መብላት ጀመረ። ዓይኑን ከሩዙ አላነሳም።

«ትናንት ክላሰሩን አሳዩኝ» አሉ ወይዘሮ ጊሪጃ። «ገጾቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። አርባ አንድ ላይ፣ የታችኛው ገጽ ነጥብ የለበትም።»

የጠቀለለው ሩዝ አፉ ሳይደርስ ቆመ።

ነጥብ የሚሉት በመሣሪያ በዓል ቀን የሚደረገውን ቀይ ምልክት ነው። ያን ቀን ሾፌሩ መሪውን፣ ልብስ ሰፊው መኪናውን፣ ገበሬው ሞፈሩን አጥቦ በአበባ አስጊጦ ቀይ ዱቄት ይቀባዋል፤ ያበላውን ነገር ያመሰግናል። በመቆጣጠሪያ ክፍሉም እንዲሁ ነው። ስክሪኖቹ ላይ፣ ስልኮቹ ላይ፣ ማዳመጫዎቹ ላይ ነጥብ ይደረጋል። ወይዘሮ ጊሪጃ ደግሞ፣ የኔ መሣሪያ ክላሰሩ ነው ብለው፣ የእያንዳንዱን ገጽ ጥግ ከላስቲኩ ሳብ እያደረጉ በቀለበት ጣታቸው ይነካሉ። ስልሳ ሦስት ገጽ ነው፤ ሁለት ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ ማንም አያግዛቸውም። ዘንድሮ በዓሉ የዋለው ሙሽሪት በዞረች በአሥረኛው ቀን፣ ከዚያ ሐሙስ በፊት ባለው ሰኞ ነበር። በጊዜው የገባ ገጽ ቢሆን ኖሮ ነጥብ ይኖረው ነበር።

ማሃንቴሽ ገጹን ሲያንሸራትት ይህን አላሰበም። አወቁ አለ በልቡ። ይገርማል፣ ከፍርሃቱ ስር የሆነ ነገር ቀለል አለው።

«ምን ማለት እንደሆነ ገባህ?» አሉት።

«አካ…»

«በበዓሉ ቀንም አላየሁትም ማለት ነው።» ጣታቸውን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስኬዱ። «ሁለቱ ገጾች ተደራርበው ነበር። የላይኛውን ሳብ አድርጌ ቀባሁ፤ የታችኛው ዓይኔ ስር ሆኖ አለፈኝ። ሐሙስ ዕለት ብቻ ቢሆን፣ ቸኩዬ ነው እል ነበር። ሰኞ ግን ማን አቻኮለኝ? ጸሎት እያደረግኩ እኮ ነበር።»

ማሃንቴሽ ሩዙን ወደ ዕቃው መለሰው።

«ዓይን ሐኪሙ ጋ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ» አሉ። «ዓይንዎ ከኔ ይሻላል ይለኛል። ዓይኔ ካልሆነ ታዲያ…» ወዲያ መስኮቱን አዩ። «እናቴን በኔ ዕድሜ ነው የጀመራት። መጀመሪያ ቁልፍ ነበር የምትረሳው። በመጨረሻ እኔን ነርሷ ናት ብላ ታመሰግነኝ ነበር።»

ከዚያ ያሰቡትን ነገሩት። ኮሚቴው ሳይጠይቃቸው በራሳቸው አፍ ሊናገሩ ነው። ለጡረታ ስምንት ወር ቀርቷቸዋል፤ ስምንቱን ወር አይጠብቁም። ሁለት ጊዜ ያላየ ሰው ሦስተኛውን የሚጠብቅ ከሆነ ሙሽሪትን ገደላት ማለት ነው። ደብዳቤውን ትናንት ማታ ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ አስገብተውታል። ባለቤታቸው አንብበውታል፤ ጠዋት ሲወጡ እስከ ፌርማታው ሸኟቸው፤ ያንን አድርገው አያውቁም።

«አንተንም አስነካሁህ» አሉ በመጨረሻ። «የድሮውን ገጽ አለማውጣት ምንም አልነበረም፤ አንባቢ የሚባለው ለዚያ ነው። በኔ የተነሳ ስምህ ወረቀት ላይ ሊውል ነው። ይቅር በለኝ።»

«አካ፣ እንዲህ አይበሉ።»

የምሳ ዕቃውን ወደ እሳቸው መልሶ ገፋው።

«ብላ» አሉት። «ሩዙ ይደርቃል።»

ሙሽሪት ተመልሳ ስትገለጥ አራት ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። የዛሬው ፕሮግራም ላይ መዘውሮቹን ማብረድ አለ፤ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ክላሰሩ ኮሚቴው ዘንድ ስለሆነ ገጹ በሌላ ወረቀት ታትሞ መጥቷል። የፈረቃ ኃላፊው እንኳ ከመስታወት ክፍሉ ወጥቶ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ቲፔስዋሚ ቀልዱን ትቶ ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«አፈሙዝ» አለና ቆመ። ትንፋሽ ወሰደ።

«አንደኛና ሦስተኛ» አለ አንድ ድምፅ፤ ከትንፋሽ ያልበለጠ ድምፅ። ከማሃንቴሽ በቀር የሰማው አልነበረም።

«አንደኛና ሦስተኛ» አለ ቲፔስዋሚ።

«አርባ ሰከንድ» አለ ትንፋሹ።

«አርባ ሰከንድ።»

ማሃንቴሽ በስክሪኑ መስታወት ላይ የወይዘሮ ጊሪጃን ምስል አየ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ወረቀት አልያዙም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። የግፊቱን መጠን፣ የጋዙን ሙቀት፣ አፈሙዞቹ የሚያርፉበትን ሰከንድ፣ ሁሉንም ቲፔስዋሚ ከማንበቡ አንድ እርምጃ ቀድመው ይሉታል። አንድም አልሳቱም። ይቺ ሴት ናት እንግዲህ አእምሮዬ እየከዳኝ ነው ብላ ደብዳቤ የጻፈችው፤ እንዲህ እንድታምን ያደረጋት ደግሞ እዚህ ተቀምጦ «ልክ» ለማለት የሚጠባበቀው፣ ወረቀቱን ያንሸራተተው ሰው ነው።

«ማሃንቴሽ» አለ ቲፔስዋሚ። «ልክ ነው አይደለም?»

ስክሪኑን አየ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ በጣቱ እየነካ አየ።

«ልክ።»

ቁልፉ ተጫነ። የመዘውሮቹ ቁጥር መውረድ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ከእሳት እንደወረደ ድስት። ክፍሉ ተነፈሰ። የፈረቃ ኃላፊው የቲፔስዋሚን ትከሻ መታ አድርጎ ወደ መስታወት ክፍሉ ተመለሰ። ወይዘሮ ጊሪጃ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ቦርሳቸውን አነሱ፤ ሰዓቱ ደርሷል ብለው ወጡ። ማሃንቴሽ ቦታውን ለተተኪው አስረክቦ ተከተላቸው።

የኮሚቴው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበሩ ውጭ፣ ጠባቡ ኮሪደር ላይ፣ አንድ የእንጨት አግዳሚ አለ። ወይዘሮ ጊሪጃ በበሩ በኩል ተቀመጡ፤ መጀመሪያ የሚገባው አንባቢው ነው፣ አረጋጋጩ በኋላ። ደብዳቤውን አውጥተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ፖስታው ላይ የኮሚቴውን ሰብሳቢ የዶክተር ዋዲራጅን ስም በዚያ በተስተካከለ ጽሕፈታቸው ጽፈውታል። ከውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል።

ማሃንቴሽ ፖስታውን አየው። ከዚያ ጫማውን አየ።

«አካ፣ ገጹ ክላሰሩ ውስጥ አልነበረም።»

«የትኛው ገጽ?»

«አዲሱ። በበዓሉ ቀን አልነበረም። ሐሙስ ሲያነቡም አልነበረም። መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ረስቼው።» አንዴ ከጀመረ በኋላ መናገሩ እንዳሰበው አልከበደም፤ የከበደው እንዳልከበደ ማወቁ ነው። «ያስገባሁት በኋላ ነው። ሁላችሁም ከተነሳችሁ በኋላ። እርስዎ ስልክ ላይ እያሉ።»

ወይዘሮ ጊሪጃ ወደ እሱ አልዞሩም። ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ነበር የሚያዩት።

«አንድ ገጽ ብቻ ነበር» አሉ።

«አንድ ብቻ።»

«እኔ ያነበብኩት ያለውን ነው።»

«ያለውን ነው ያነበቡት፣ አካ።»

ትከሻቸው ወረደ። ለረጅም ጊዜ የያዙትን ዕቃ አሁን ያስቀመጡ ይመስል፣ ሁለቱ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ተዘረጉ። ማሃንቴሽ ለአፍታ፣ ደስ አላቸው ብሎ አሰበ። ምናልባትም ደስ ብሏቸው ነበር። ግን አልቆየም።

«ዓይን ሐኪም ጋ ስመላለስ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ስለ እናቴ ስነግርህ፣ እዚያ ቁጭ ብለህ፣ ታውቅ ነበር።»

ማሃንቴሽ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ይቅር በለኝ ስልህ።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ከፍ ቢያደርጉት ይሻለው ነበር። «ስምንት ቀን» አሉ። ቀኖቹን አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቅድም ቁጥሮቹን ሲሉ እንደነበረው። ከዚያ ደብዳቤውን ለሁለት አጠፉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ቦርሳውን ዘጉ።

በሩ ተከፈተ። ጸሐፊዋ የወይዘሮ ጊሪጃን ስም ጠራች።

ወይዘሮ ጊሪጃ በልማድ ሊነሱ ወደፊት ዘንበል አሉ። ማሃንቴሽ ቀድሟቸው ቆመ።

«እርስዎ ይቀመጡ። እኔ ልቅደም።»

«መጀመሪያ የሚገባው አንባቢው ነው» አሉ፣ አሁንም ሳያዩት።

«አውቃለሁ።»

ጸሐፊዋ አንዴ እሱን አንዴ እሳቸውን አየች። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ ወደ በሩ ለመድረስ በፊታቸው ማለፍ አለበት። ወይዘሮ ጊሪጃ ጉልበታቸውን ወደ ጎን ሰብሰብ አደረጉለት፤ አውቶቡስ ውስጥ ለማያውቁት ሰው እንደሚደረገው።

አለፈ። ከውስጥ አምስት ሰዎች ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ ቀዩ ክላሰር መካከላቸው ተከፍቷል። ዶክተር ዋዲራጅ ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው፣ ሴትየዋን ነበር የጠራነው አሉ። ማሃንቴሽ ከወንበሩ አጠገብ ቆመ እንጂ አልተቀመጠም። ጸሐፊዋ በሩን ልትዘጋ ከኋላው እጇን ስትዘረጋ ሰማት፤ ዞር አለ። ከደጅ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ የወይዘሮ ጊሪጃ ጉልበትና ቦርሳ ይታየዋል።

«አይዝጉት እባክዎ» አላት። «የምናገረው እዚያ ድረስ ይሰማ።»